ክሩን ሲይዝላት

ጎባ ውስጥ እታለማሁን የማያውቅ ሰው የለም። «ሹራብ ሠሪዋ» ይሏታል። ብርዱ የባሌ ብርድ ነውና የሷን ሹራብ ሳይለብስ ያደገ ልጅ በሰፈራችን ፈልጋችሁ አታገኙም። ደህና ሴት ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ሙያዋን አክባሪ ናት ይሏችኋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «ልጇን እኮ ራሷ ናት ለቀበሌ የሰጠችው» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው አንጀቴ ቅጥል የሚለው። ስለማያውቁት ነገር ማን አናግሯቸው? ቀበሌ የሄደችው በኔ ምክር ነው። ይኼን መጀመሪያ ልናገረው፤ አለዚያ መሃል ላይ ስደርስ እፈራና እዘለዋለሁ።

እኔ ሸዋርጋ ነኝ፤ የግድግዳ ጎረቤቷ። እሷ ስታስል እኔ ቤት ይሰማል፤ እኔ ስቆጣ ደግሞ፣ ያው ቁጣዬን ታውቁታላችሁ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ሥራዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሳመላልስ ጫማዬም ዕድሜዬም አለቀ። ወረቀት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እታለማሁ የሲናና ልጅ ናት። ስንዴና ገብስ ሲያርሱ ከኖሩ ሰዎች ተወልዳ፣ ለጎባው ሾፌር ለደምሴ ተድራ መጣች። ደምሴ በሰባ ዓመተ ምሕረት በሶማሌ ጦርነት ሚሊሻ ሆኖ ዘመተና በዚያው ቀረ። ሬሳ አልመጣ፣ መቃብር የለ፤ አንድ ወረቀት ብቻ መጣ። አንድ ልጃቸው ለታ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቱ ነው። እሷ እንባዋን ጠረገችና ሹራብ መሥራት ጀመረች፤ ሌላ ምን ታድርግ? መሠረተ ትምህርት ገብታም ፊደል ቆጠረች። ስሟን መጻፍ የቻለች ዕለት በደስታ የኔን በር አንኳኩታ በከሰል ግድግዳዬ ላይ ጻፈችልኝ። «ግድግዳዬን አበላሸሽው» ብዬ ተቆጣኋት እንጂ አላጠፋሁትም።

ለታ ግን፣ ወይ ለታ! እንዲያ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም። ቁጭ በል ሲሉት ቁጭ ይላል፤ ዞር ከማለታችሁ ጣራ ላይ ታገኙታላችሁ። ውሃ ቅዳ ተብሎ ይሄድና ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር ጥሎ የሠርግ መኪና ተከትሎ ሮቤ መንገድ አጋማሽ ላይ ይገኛል። አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሹራብ ጠፍቶበታል፤ ያውም የሹራብ ሠሪ ልጅ! ጫማው አንዱ እግር ቤት፣ ሌላው የት እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው። ሰው ሲያወራ ከአፉ ቀምቶ ይጨርስለታል። ዐሥር ጊዜ የተነገረውን ይረሳል፤ ማንም ያላስተዋለውን ደግሞ እሱ ያያል። ዶሮዬ ከነጫጩቶቿ አጥሩ ሥር መደበቋን ያገኘልኝ እሱ ነው። ክፋት የለውም። ሲሰድቡት ይስቃል፣ ሲመቱት ያለቅሳል፣ ወዲያው ይረሳና የመታውን ሰው ዕቃ ይሸከማል።

የሰፈሩ ሰው መድኃኒት አያጣም። ጋኔን ነው ተባለና ሁለት ሳምንት ጠበል ተጠመቀ፤ ብርዱ ሳንባውን ሊጨርሰው ነበር። አለንጋ ነው የሚያስፈልገው ተባለ፤ እታለማሁ መምታት አትችልበትም፣ ሁለቴ መታችውና ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ሰማሁ። በርበሬ ይታጠን ያልኩት እኔ ነኝ። ታጠነ። ዓይኑ አብጦ ሲወጣ መጀመሪያ ያለኝ ነገር «እትዬ ሸዋርጋ፣ ጣራሽ ላይ ቆርቆሮው ተነስቷል፣ ዝናብ ሳይመጣ ልምታልሽ?» ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ምን ትሉታላችሁ? ትምህርት ቤት «ቀዥቃዣው» ብለው ስም አወጡለት፤ አስተማሪዎቹም በዚያው ስም ይጠሩት ጀመር።

አምስተኛ ክፍል ሲደርስ መምህር ወዚር መጣ። ቀጭን፣ የጊኒር ልጅ፣ ሳቁ ቶሎ የማይመጣ። በአንድ ወሩ እታለማሁ ቤት በር ላይ ቆመ። ሌላ ክስ ይዞ መጣ ብላ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔም ጆሮዬ ሥራ ፈቶ አያውቅምና ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። «ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፣ ባለጌም አይደለም» አላት። «ሐሳቡ አይቆምለትም። እኛ ተቀምጠን የምናስበውን እሱ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚያስበው። ወንድሜ እንደዚሁ ነበር፤ እየደበደብን ከቤት አስወጣነው፣ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ስለዚህ አይምቱት። አምስት ነገር አንድ ላይ አይዘዙት። አንድ ይስጡት፤ ሲጨርስ ሌላ።» ምን የሚሉት በሽታ ነው ብላ ስትጠይቀው ስሙን እንደማያውቅ፣ ምናልባት ሐኪሞቹ ስም ይኖራቸው እንደሆነ ነገራት። እኔ በበኩሌ ግድግዳዬ ሥር ሆኜ ከንፈሬን አጣመምኩ። ድንቄም ሐሳቡ አይቆምለትም! ሲያቀማጥሉት ነው እንጂ፣ አልኩ በልቤ።

እሷ ግን ሰማችው። የሱፍ ክር ከሱቅ ሲመጣ እንደ ትልቅ ቀለበት ተጣጥፎ ታስሮ ነው። አንድ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ወጥሮ ይይዘዋል፣ ሌላው እየሳበ ልቃቂት ያደርገዋል። ድሮ ወንበር ጀርባ ላይ አድርጋ ነበር የምትጠቀልለው። አሁን ለታን አቆመችው። ክሩ እጁ ላይ እያለ መሮጥ አይችልም፤ ይቋጠርበታላ። መቆም ደግሞ አይችልም። ስለዚህ ከወገቡ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ፣ ከአንድ እግር ወደ አንድ እግር እየዘለለ፣ ማባዣውን በቃሉ ይወጣል። ክሩም በውዝዋዜው እየላላ ቶሎ ይመጣላታል። የሰባትን ማባዣ በቀይ ክር፣ የስምንትን በሰማያዊ ያዘ። አንድ ልቃቂት ሲያልቅ ወጥቶ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሮ ይመለሳል፤ ከዚያ ሌላ ልቃቂት፣ ሌላ ትምህርት። ሲልኩትም የእጁ አንጓ ላይ ክር ታስርለታለች፤ ለአንድ ጉዳይ አንድ ክር። ላምባ ከሆነ ጥቁር፣ ጨው ከሆነ ነጭ። ክሩን እያየ ይሄዳል፣ ክሩን እያየ ይመጣል። ወዚርም ክፍል ውስጥ ከኋላ ቆሞ እንዲጽፍ ፈቀደለት፤ ጠመኔ አምጪው፣ መስኮት ከፋቹ፣ ደብተር ሰብሳቢው እሱ ሆነ። የስድስተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ሲያልፍ እታለማሁ ውጤቱን ይዛ መጥታ የኔው ግድግዳ ላይ፣ ከስሟ ሥር፣ ነጥቡን በከሰል ጻፈችው። ያን ቀን አልተቆጣሁም።

ደግ ነገር ይበረክታል ብላችሁ ነው? መንደር ምሥረታ የሚሉት ዘመቻ መጣና ወዚርን ወደ ቆላ ላኩት፤ ከዚያም በዚያው አስቀሩት። ሰባተኛ ክፍል ላይ የመጡት አስተማሪዎች ለታን በቀዥቃዣነቱ ብቻ አወቁት። እታለማሁ ሄዳ አንድ በአንድ እንዲያዝዙት፣ ቆሞ እንዲጽፍ ለመነቻቸው። አንዱ አስተማሪ ሳቀባት። ሁለት ዓመት ወደቀና በሰባ ዘጠኝ ተባረረ። ቁመቱ ያን ጊዜ የበሩን ጉበን ነክቷል።

ያን ዘመን ያልኖረ ሰው መባረር ማለት ትምህርት ማጣት ይመስለዋል። ብሔራዊ ውትድርና ነበር። ኮታ ሲመጣ ቀበሌው መጀመሪያ የሚያየው ተማሪ ያልሆነውን፣ ሥራ የሌለውን ነው። አሥራ ስምንት ሞላው አልሞላው ማንም አይጠይቅም፤ ቁመቱን ያዩታል። ደምሴን የወሰደ ነገር ለታንም እንዳይወስድባት፣ እታለማሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ጋሪ ላይ አስቀጠረችው፤ ፈረስ ይወዳል፣ ፈረሶቹም ይወዱታል፣ ግን የሰው ጭነት ያለቦታው አድርሶ ተባረረ። የመንግሥት እርሻ ለአጨዳ ወሰደው፤ አጨዳው ሲያልቅ ሥራውም አብሮ አለቀ።

በሰማንያ መጋቢት ላይ የሆነው ይኼ ነው። እሷ የተጠራቀመ የሹራብ ትዕዛዝ ነበረባትና ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ እሱን ላከችው። ስኳርም ሳሙናም ላምባም የሚገኘው በራሽን ደብተር ነው፤ ያ ደብተር ከጠፋ ለወራት ምንም የለም። ሦስት ክር አንጓው ላይ አሰረችለት። ልጁ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመ፤ ለታ ሁለት ሰዓት! ከዚያ አንድ የጋሪ ፈረስ ደንግጦ ፈረጠጠ። ለታ ዘሎ ልጓሙን ያዘ፣ አንዲት ሴትዮ ከመረገጥ አተረፈ፣ ፈረሱን እስከ ባለቤቱ ቤት አደረሰ። ማታ ሲመለስ ክሮቹ አንጓው ላይ አሉ፣ ደብተሩ የለም።

እታለማሁ በዚያ ቀን ደክሟት ነበር። እኔ ጋ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ «ሸዋዬ፣ በቃኝ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች። እኔም፣ አፌን በቆረጠውና፣ አዋቂ ሆንኩ። ያን ጊዜ ወላጅ ልጅ ሲያስቸግረው ቀበሌ ሄዶ «አንድ ቀን ዝጉልኝና ይደንግጥ» ማለት የተለመደ ነበር። አባት የሌለው ቤት ደግሞ ቀበሌው እንደ አባት ይቆጣለታል ይባላል። የወይዘሮ ቀለሟ ልጅ እንዲያ ተዘግቶ ልብ ገዝቷል አልኳት። ሊቀ መንበሩ ሙለታ ልጆቹን በሷ ሹራብ ያሳደገ ሰው ነው፤ እምቢ አይልሽም አልኳት። እሷ መምህር ወዚርን አነሳች። እኔም ወዚር ቢሆን ሄዷል፣ ክርሽም አልሠራም አልኩ። ይህን ስል ፊቷን አየሁት። ዝም ብል ምን ነበረበት?

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ሙለታ ደህና አድርጎ ተቀበለን፣ «ሃዳ ለታ» ብሎ በልጇ እናትነት ጠራት፣ አንድ ቀን ብቻ እንደሚያቆየው፣ ማንም እንደማይነካው ቃል ገባ። ፀሐፊው ግን ያለ ወረቀት ሰው አላስገባም አለ። ወረቀት ጻፈና ሰጣት። አሻራ ታደርጊያለሽ ሲላት «መፈረም እችላለሁ» አለች። እታለማሁ ማንበብ ትችላለች፣ ግን በቀስታ ነው፣ እየቆጠረች። ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል፣ ፀሐፊው እስክርቢቶውን ያንቀጫቅጫል። ሳታነብ ፈረመች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ስንት ሺህ ወረቀት የተሸከምኩ ሴት፣ ያንን አንዱን ገልብጬ አላየሁትም።

ለታን ያን ዕለት ዘጉበት፤ በነጋታው ወጣ። ማንም አልመታውም፣ ሙለታ ቃሉን ጠብቋል። ልጁ ግን ፊቱ ሌላ ሆኖ መጣ። በር ላይ ቁጭ ብሎ እጁን እያየ እንዲህ አላት፤ «እማዬ፣ ሰው ቁጭ በል ሲለኝ እኮ እቀመጣለሁ። ተቀምጫለሁ ብዬ ነው የማስበው። ስነሳ አላውቀውም፤ ቆሜ ነው ራሴን የማገኘው።» እታለማሁ አጠገቡ ተቀመጠችና አቀፈችው። ቀና ስትል እኔን አየችኝ። ክፉ አልተናገረችኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ ለታ ምክር ጠይቃኝ አታውቅም።

ሦስት ቀን ከበሩ ደፍ አልራቀም፤ በአራተኛው ያው ለታ ሆነ። እሷም ወደ ክሯ ተመለሰች። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው፣ እንደገና መሳካት ጀምሮላት ነበር። ክረምት ላይ ወዚር ለዕረፍት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ለታን ሲያየው ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከተማው ውስጥ ያሉ ጓደኞቹን ሁሉ ዞሮ ለምኖ ለማታ ትምህርት አስገባው። መስከረም ላይ ተመዘገበ። የተማሪ መታወቂያው እንዳይጠፋበት እታለማሁ ራሷ ያዘችው፤ በሱፍ ክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትውል ነበር። አሁን ተማሪ ነው፣ ወረቀት አለው፣ ማንም አይነካውም ትል ነበር። እውነቷን ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ፣ ስንዴው ሊያሽት ሲል፣ ኮታ መጣ። ለታን ከቧንቧው ላይ ወሰዱት፣ ጀሪካኑ እዚያው ቀረ። ዱሮም ብዙ ጊዜ ይቀራልና ማንም ልብ አላለውም፤ ግማሽ ቀን አለፈ። ስንሰማ እታለማሁ ነጠላዋን ሳትደርብ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኳት። ሙለታ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፣ ቀና ብሎ አያያትም። መታወቂያውን ከአንገቷ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። ፀሐፊው አንድ ፋይል ገለጠ። የመጋቢቱ ወረቀት ነው። ቀስ ብሎ አነበበላት፤ «የትምህርትም የሥራም ገበታ የሌለው፣ ሰፈሩን በተደጋጋሚ የሚያውክ ቦዘኔ በመሆኑ በእናቱ ጥያቄ ታስሯል።» የሚዘምቱት ልጆች ስም ዝርዝር ሲጻፍ ከዚህ መዝገብ ነው የተወሰደው።

«ይኼ የማን ፊርማ ነው?» አላት ፀሐፊው።

እታለማሁ ጎንበስ ብላ አየችው። ግድግዳዬ ላይ በከሰል የጻፈችው ያው ስም ነው፤ አልተለወጠም። «የኔ ነው» አለች። ሙለታ ያን ጊዜ ብቻ ቀና አለና ስሞቹ ከእጁ ወጥተው አውራጃ መድረሳቸውን፣ አንዱን ቢያስወጣ በምትኩ የራሱን ልጅ እንደሚጠይቁት ነገራት። ውሸቱን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም።

ልጆቹን ሮቤ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሰብስበዋቸው ነበር። በማግሥቱ ማልደን ሄድን፤ የጎባና የሮቤ እናት ሁሉ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። አንዷ «ያ ኢልመኮ»፣ ልጄን፣ እያለች የልጇን ስም ትጠራለች፣ ከኔ ወዲያ ያለችው ሞሚና የምትባል ነጋዴ ዱዓዋን ታደርጋለች። ልጆቹን አውጥተው በሰልፍ አቆሟቸው፤ አትነቃነቁ ተባሉ። መቶ ልጅ ይሆናል፣ ሁሉም ቀጥ ብሏል። አንዱ ብቻ ከወገቡ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ከአንድ እግር ወደ አንድ እግር። ክር የሚይዝ ይመስል እጆቹን ከፊቱ አውጥቷል። ወታደሩ መጥቶ በዱላ ትከሻውን መታው። ለታ ቆመ። ትንሽ ቆየና እንደገና ጀመረ፤ አያውቀውማ። እንደገና መታው።

እታለማሁ አልጮኸችም። አጥሩን ዞራ በሩ ላይ የቆመ አንድ ወጣት ወታደር ጋ ሄደች፤ ዕድሜው ከለታ ብዙም አይበልጥም። ልጇን በጣቷ አሳየችው። «ያ የሚነቃነቀው ልጅ» አለችው፣ «ለታ ይባላል። አንድ ነገር ብቻ እዘዙት፤ ሲጨርስ ሌላ። ሁለት አንድ ላይ ካላችሁት ይጠፋበታል። አልታዘዝም ማለቱ አይደለም። ሲነሳ አያውቀውም። ለሚያሠለጥኑት ንገርልኝ፣ ልጄ።» ወታደሩ እሺ እናቴ አላት። ዓይኑ ግን ጭነት መኪናዎቹን ወደሚያዞረው አለቃው ነበር፤ ምን እንዳለችው አልሰማትም። እሷም አለመስማቱን አየች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችለት፤ ለታ ይባላል፣ አንድ ነገር ብቻ እዘዙት። መኪናው እስኪነሳ ሦስት ጊዜ ነገረችው።

ከማሠልጠኛ ጣቢያ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ግማሹ ስለ አንድ በቅሎ ነው፣ መጨረሻውን ጽፎ አልጨረሰውም። ከዚያ ምንም የለም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በባዶ እግሩ ሲመለስ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ዳር ተቀምጣ ሹራብ ሠራች። የጠየቀችው ሁሉ አያውቀውም፤ «የሚነቃነቅ ልጅ» ስትላቸው አንዳንዱ አዝኖ፣ አንዳንዱ እየሳቀ ያልፋታል። ወዚር አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር። መንገድ ዳር አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ሲጠብቅ ዋለ።

አሁን ክሩን የምይዝላት እኔ ነኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጉልበቴም አያቆመኝም፣ ግን ስትጠራኝ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ትሰድበኛለች፣ ያንን ያልሽኝ አንቺ ነሽ ትለኛለች እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር፤ አንድ ቀንም ብላኝ አታውቅም። ባለፈው ሰማያዊ ክር መጥቶላት እጄን ዘርግቼ፣ እንዳይቋጠርባት ብዬ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩላት። ትንሽ ጠቀለለችና አቆመች። ዓይኗ እጄ ላይ ነው።

«ሸዋዬ» አለችኝ፣ «ትንሽ ተነቃነቂልኝ።»